ባለ ሁለት ደረጃው የዝግባ ውኃ ቤት

ከዝግባ ውኃ ከተማ በላይ፣ ከጉብታው ጫፍ፣ ምድር ቤቱ በጥቁር ድንጋይ፣ ፎቁ በጥድ እንጨትና በጭቃ የተሠራ አንድ አሮጌ ቤት አለ። የቆርቆሮ ጣሪያው ዝጎ ቀልቷል፤ ዙሪያውን የከበበው የእንጨት ሰገነትም በአንድ ወገን ዘመም ብሏል። አዲስ ሰው ሲያየው የሚገርመው ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ሰገነቱ የሚያወጡት ደረጃዎች ሁለት ናቸው፤ የቀኙ ሰፊና በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ የግራው ጠባብና ቀጥ ያለ የጣውላ ደረጃ። አንዱ ለሚበቃው ቤት ሁለተኛው ለምን አስፈለገ ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚመልሱት እንዲህ ነው።

ቤቱን ያሠሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ናቸው። በወጣትነታቸው ለመንግሥት መልእክት ባሕር ተሻግረው ስለነበር፣ እዚያ ያዩትን ፎቅ ቤት በአገራቸው ድንጋይና እንጨት ለማሠራት ተመኝተው ነበር ይባላል። ምድር ቤቱን ለችሎት፣ ፎቁን ለመኖሪያ አደረጉት። ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሲሞት በእሱ ደም ሁለት፣ በሁለቱ ደም አራት እየተገደለ መንደር ይፈታ ነበርና፣ ደጃዝማች አገሩን ሲሾሙ መጀመሪያ ያስነገሩት አዋጅ «ነፍስ ያጠፋ ሰው ከቤቴ ከገባ በዳኛ ይጠየቃል እንጂ ደመኛ አይነካውም» የሚል ነበር። ብዙው ባላባት አጉረመረመ። አንዳንዱም «የራሱ ወገን የሞተ ዕለት እናየዋለን» አለ።

ያ ዕለት ሳይቆይ መጣ። በመኸር ወራት፣ ደጃዝማች ከችሎት ተነሥተው ሰገነቱ ላይ ቆመው ሳለ፣ ልብሱ በደም የተነከረ ገበሬ ደረጃውን ሮጦ ወጣና የኩታቸውን ጫፍ ያዘ።

«ጌታዬ፣ ከቤትዎ ገባሁ!»

«ገብተሃል። የሚነካህ የለም» አሉት። ከዚያ በኋላ ነው «ማንን ገደልህ?» ብለው የጠየቁት።

ሰውዬው ቀና ማለት አቃተው። «የእህትዎን ልጅ፣ ዳምጠውን።»

ይህ ገበሬ ደርሰህ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ነው። ከዳምጠው ጋር በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው፣ ስድብ ስድብን ወልዶ፣ በያዘው ማጭድ ወጋው። ዳምጠው ደግሞ በደጃዝማች እጅ ያደገ፣ እንደ ልጅ የሚያዩት ጎልማሳ ነበር። እንደሚነገረው፣ ያን ጊዜ እጃቸው ወደ ጎራዴያቸው ሄዶ ተመለሰ። አሽከራቸውን ጠርተው «እልፍኝ አስገባውና ዝጋበት» ብቻ አሉ።

የሟቹ እናት ወይዘሮ የወርቅውኃ ከቀብር መልስ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ጠመንጃ ያነገቡ ዘመዶቻቸውንና ሁለተኛውን ልጃቸውን አበጋዝን አስከትለው ወደ ወንድማቸው ግቢ ገቡና በድንጋዩ ደረጃ መካከል ተቀመጡ።

«ወንድይራድ፣» አሉ ወደ ላይ እያዩ፣ «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ነኝ። ልጄን የገደለውን አውጣልኝ።»

«እታለም፣ ቃል ከአፌ ወጥቷል።»

«ልጄስ ከሆዴ አልወጣም?»

ከዚያም ወይዘሮ የወርቅውኃ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማሉ። «የዳምጠው አጥንት ይውጋኝ፣ ገዳዩ በዚህ ደረጃ በፊቴ ሳይወርድ ከዚህ ግቢ ብወጣ! ከወገኑም አንድ ሰው ይህን ደረጃ ሲረግጥ ባይ!»

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮዋ ከውኃ በቀር አልቀምስ አሉ። አበጋዝ ጠመንጃውን እንዳቀባበለ በመስኮቶቹ ሥር ይመላለስ ነበር። ከጉብታው ጀርባ ደግሞ የደርሰህ ዘመዶች ጦርና ጠመንጃ ይዘው ሰፈሩ፤ አንድ ጥይት ቢተኮስ ሁለቱም ወገን እንደሚተላለቅ ሁሉም ያውቅ ነበር። በአገሩ ሥርዓት የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብና ከዳኛ ፊት መውደቅ ነበረበት፤ ዳኛው ግን ሰገነቱ ላይ ናቸው፣ የሚወጣበትም ደረጃ በመሐላ ተዘግቷል። ሽማግሌዎች ወይዘሮዋን መሐላቸውን እንዲፈቱ ቢለምኗቸው «ከሞተ ልጄ ጋር አታጣሉኝ» አሉ።

በመጨረሻ ደጃዝማች «እህቴ የማለችው በደረጃው ነው እንጂ በሰገነቱ አይደለም» ብለው አናጢዎች ጠሩና በግራ በኩል ሌላ ደረጃ እንዲያቆሙ አዘዙ።

አናጢዎቹ አፈሙዝ በጀርባቸው ተደቅኖ ሠሩ። መዶሻው በወደቀ ቁጥር ወይዘሮ የወርቅውኃ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር ይባላል። አበጋዝ ሊያስቆማቸው ሲነሣ እናቱ ከለከሉት። «ተዋቸው፣ ይሥሩ። ማን ደፍሮ እንደሚወጣበት አያለሁ።»

ደረጃው ሲያልቅ የደርሰህ አባት በሕይወት ስላልነበር፣ ከአጎቶቹ አንዱ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። የመጣችው ግን እናቱ እመት ደብሪቱ ነበረች። ብቻዋን፣ ነጠላዋን በሐዘን ደንብ አደግድጋ፣ ማጅራቷ ላይ ያስቀመጠችውን ድንጋይ በሁለት እጇ ይዛ፣ በታጠቁት ሰዎች መካከል አለፈችና መውጣት ጀመረች። ወይዘሮ የወርቅውኃም በድንጋዩ ደረጃ ፈጥነው ወጥተው በጣውላው ደረጃ አናት ላይ ቆሙባት።

«ተመለሺ። ምሕረት የለኝም።»

«ምሕረት ልለምን አይደለም፣ እመቤቴ። ልጅዎ የወደቀው ከደጄ ነው። ነፍሱ ስትወጣ አጠገቡ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ ያለውን ልነግርዎ ነው።»

አበጋዝ ጠመንጃውን አነጣጠረ። እመት ደብሪቱ የመጨረሻውን ጣውላ ስትረግጥ ግን የድንጋዩ ክብደት ወደ ኋላ ሳባት። ድንጋዩ ከእጇ አመለጠና ጣውላውን እየደበደበ ወረደ፤ እርሷም ወደ ባዶው አዘነበለች። ያን ጊዜ የወይዘሮ የወርቅውኃ እጅ ተወርውሮ ክንዷን ያዘ።

«ልቀቂያት፣ እማዬ!» ብሎ ጮኸ አበጋዝ።

ወይዘሮዋ አልለቀቁም፤ አልሳቡም። ሁለቱ እናቶች እንዲሁ ተያይዘው ቆዩ።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ የወርቅውኃ።

«"እናቴ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ፣ ደሙን እጠቡልኝ" አለ። አጠብሁት። በነጠላዬ ገነዝሁት።»

የዳምጠው ሬሳ ታጥቦ፣ የማን እንደሆነ ባልታወቀ ነጠላ ተጠቅልሎ ነበር የመጣው። ወይዘሮ የወርቅውኃ ይህን ሲሰሙ ክንዷን ሳብ አድርገው ወደ ሰገነቱ አወጧትና እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ። እስከዚያ ሰዓት አላለቀሱም ነበር ይባላል። እመት ደብሪቱም አብራ አለቀሰች።

ፍርዱ በማግሥቱ ተሰጠ። ደርሰህ ካሳ እንዲከፍልና አገሩን ለቆ እንዲሄድ ተፈረደበት። በድንጋዩ ደረጃ በወይዘሮ የወርቅውኃ ፊት አንገቱን ደፍቶ ወረደ፤ እርሳቸውም ፊታቸውን አዙረው አሳለፉት፤ መሐላቸውም በዚህ ተፈታ። አበጋዝ ግን እርቁን አልወደደም። ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ፤ ዳግመኛም የአጎቱን ደጅ አልረገጠም። በስተርጅናው ልቡ ራርቷል የሚሉ አሉ፤ አልራራም የሚሉ ይበዛሉ።

በዚያው ሰሞን አናጢዎቹ ለአዲሱ ደረጃ መደገፊያ ሊያበጁለት እንጨት ይዘው ቢመጡ፣ የከለከሏቸው ወይዘሮ የወርቅውኃ ናቸው። «ተዉት። በዚህ የሚወጣ ሰው የሚይዘው እጅ ይፈልግ» አሉ።

ጣውላው ሲበሰብስ በየዘመኑ ይለወጣል፤ መደገፊያ ግን እስከ ዛሬ አልተደረገለትም። በዝግባ ውኃ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ለእርቅ ሲቀርቡ የበደለው ወገን በግራው ደረጃ ይወጣል፤ የተበደለውም ከአናቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። እጁን ከዘረጋለት ታረቁ ይባላል። ካልዘረጋ የመጣው በመጣበት ይመለሳል፤ ሽማግሌዎችም ሌላ ቀን ይቀጥራሉ። የወጣው ሰው የመጨረሻው ጣውላ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ በግቢው ውስጥ ካለው ሕዝብ አንድም ሰው ድምፅ አያሰማም።