አባ ናደው የመረጡት ሞተር

እኛ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ላይ ወጥቶ ደረቱን ሲነፋ የሚነገርበት አንድ ተረት አለ። ኮርቻ የሚል ቃል ስላለበት እንግዳ ሰው ሲሰማው ከድሮ ፈረሰኞች የወረደ ይመስለዋል። አገሩ የአገው ፈረሰኛ አገር ነውና እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ትንሽ ቆም ብሎ ያሰበበት ግን ግራ ይገባዋል፤ ስለ ፈረስ ነው ከተባለ ነገሩ አልገጥም ይላል። እውነቱን ለመናገር ተረቱ የመጣው ከአንድ ቀይ ሞተር ነው። ሞተሩን የገዛው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ተረቱ ሲነገር በሰማ ቁጥርም አንገቱን ይደፋል።

ሰውየው አንሙት ይባላል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን አራት ቀበሌ ለብቻው ይሸፍናል። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው በእግር ግማሽ ቀን ነው፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላማ አይነሳ። ላም ታመመች ተብሎ ሲጠራ ቦርሳውን አንግቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲደርስ ቆዳዋ ሲገፈፍ ያገኛል። ባለላሟ «አንተ ምን ታደርግ፣ ልፋትህ ነው» ትለዋለች። እሱ ግን ያቺ ላም ለስንት ልጅ ጓዳ እንደነበረች ስለሚያውቅ፣ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይተክዛል። ለዚህ ነው ሞተር ለመግዛት ሦስት ዓመት ያጠራቀመው።

ችግሩ አንሙት ፈሪ መሆኑ ነበር። ፍርሃቱም ከሰማይ የወረደበት አይደለም። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ሲሞቱበት ያሳደጉት የእናቱ ወንድም ጋሽ ልየው ናቸው። እሳቸው ደግሞ በፈረሳቸው ስም አባ ናደው ተብለው የሚጠሩ፣ በለቅሶም በበዓልም ከፊት የሚሰለፉ ፈረሰኛ ነበሩ። አንሙትን በሰባት ዓመቱ ፈረስ ላይ ቢያወጡት ወድቆ ክርኑን ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ፈረስ ላይ ውጣ ብለውት አያውቁም፤ አልተቆጡም፣ አልሰደቡም። ያ ዝምታ ግን ከስድብ በላይ ሲያመው ኖረ።

ሞተር መንዳት ያስተማረው ጋራዥ ያለው ኑረዲን ነው። ገበያ በማይውልበት ቀን ከከብት ተራው ሜዳ ላይ፣ በራሱ አሮጌ ዝቅ ያለች ሞተር ያለማምደው ነበር። አንሙት መሪውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥርም ወደ መሬት ያያል።

«አይዞህ» ይለዋል ኑረዲን። «ሞተር ሲሮጥ አይጥልህም። የሚጥልህ ሲቆም ነው። ሞተር ስትገዛ መጀመሪያ ላዩ ላይ ተቀመጥና ሁለቱንም እግርህን አውርድ። ተረከዝህ መሬት ከረገጠ ያንተ ነው።»

አንሙት ቁመቱ አጭር ነው። ስለዚህ የትኛዋን ሞተር እንደሚገዛ ገና ከቤቱ ሳይነሳ ያውቅ ነበር፤ ዝቅ ያለች፣ ቀላል፣ እንደ ኑረዲኗ ያለች። ጋሽ ልየው ግን «ከብት ሲመረጥ እኔ የለሁበትም ወይ?» ብለው፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰው፣ አለንጋቸውን ይዘው መጡ። አይምጡ አይባል ነገር! ሦስቱም ተያይዘው ሞተር ወደሚሸጥበት ከተማ ሄዱ።

ጋሽ ልየው ሞተሮቹን ያዩአቸው ልክ የፈረስ ገበያ ላይ እንደሚያዩት ነው። ከፊት ቆመው ደረት አዩ፤ ከኋላ ዞረው ዳሌ አዩ፤ ጎማውን በአለንጋቸው እጀታ መታ መታ አደረጉ። ነጋዴውን «እስቲ አስነሳው፣ ትንፋሹን ልስማው» አሉት። አንሙት ዓይኑን የጣለባት ጥቁሯ ትንሽ ሞተር ስትነሳ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይቺ አህያ ናት።»

«ጋሼ፣ ለእኔ እኮ...»

«በዚች ላይ ቁጢጥ ብለህ ለቅሶ ብትደርስ እኔ ምን እባላለሁ? አባ ናደው ያሳደገው ልጅ በአህያ መጣ አይሉም?»

ከረድፉ መጨረሻ አንድ ቀይ ሞተር ቆሟል። ጎማው ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን ነው። ኮርቻው፣ ጋሽ ልየው መቀመጫ ብለው አያውቁምና፣ ከአንሙት እምብርት ይደርሳል። ሲነሳ መስኮቱ ተርገፈገፈ። ጋሽ ልየው ዓይናቸው በራ። «ይኸ ነው ሰንጋ ፈረስ!» አሉ።

ኑረዲን «ውጣበትና እግርህን አውርድ» አለው። አንሙት እየተንጠራራ ወጣ። የግራ እግሩ ጣት መሬት ሲነካ የቀኙ ይንጠለጠላል፤ የቀኙን ሲያወርድ የግራው ይንጠለጠላል።

«አባቴ፣ ይኸ አይሆነውም» አለ ኑረዲን። «እግሩ መሬት አይደርስም። ሲቆም ይጥለዋል።»

ጋሽ ልየው ከት ብለው ሳቁ። «የፈረሰኛ እግር መሬት ነክቶ ያውቃል? መሬት የሚጎተተው የአህያ ጋላቢ እግር ነው!»

ነጋዴው አጅቦ ሳቀ። ይህች አነጋገር በኋላ ከተማ ገብታ ስንቱ ጎረምሳ እየደጋገመ ሲኮራባት ከረመ። ጋሽ ልየው ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወደ አንሙት ቀና አሉ። «እህ፣ ልጄ? ተስማማህ?»

አይሆነኝም የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ከዚያ ከክርኑ ስብራት ወዲህ፣ አጎቱ ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደግሞም በኩራት ነው የሚያዩት። ሃያ ዓመት የተራበውን ነገር በአንድ ቃል መልሶ መስጠት አልቻለም።

«እሺ ጋሼ» አለ።

ሲመለሱ ኑረዲን ወደ አንሙት ጠጋ ብሎ «ድንጋይ ፈልግ» አለው። «የምትቆምበት ሁሉ ድንጋይ ይኑረው።»

አንሙትም በድንጋይ መኖር ጀመረ። በአራቱ ቀበሌ መንገድ ላይ እግሩን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ አንድ በአንድ አጠና። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንድ፣ ከወፍጮው ደጅ አንድ፣ ከድልድዩ ማዶ ሁለት። ድንጋይ በሌለበት አይቆምም። ሰው «ደህና ዋልህ?» ሲለው እጁን ብቻ አውለብልቦ ያልፋል። «ሞተር ከገዛማ ልቡ አበጠ» ብለው አሙት። እሱ ግን ቢቆም እንደሚወድቅ ለማን ይናገር? ሐሜቱን ዋጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ይነዳል። እውነት ነው፣ በዚያ ሰሞን ብዙ ላሞች ተርፈዋል። እሱ ግን ከብት በዳነ ቁጥር ደስ ከማለት ይልቅ፣ ስመለስ የት እቆም ይሆን ብሎ ይጨነቅ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ላይ የጋሽ ልየው ፈረስ ናደው የፊት እግሩ አበጠ። አንሙት መድኃኒት ሰጥቶ፣ አሥር ቀን እንዳይጋለብ አዘዘ። በአራተኛው ቀን መርዶ መጣ። የፈረሰኞቹ ማኅበር አለቃ፣ የጋሽ ልየው የልብ ወዳጅ አያ ሽባባው ሞቱ።

ጋሽ ልየው ካባቸውን ደርበው፣ አለንጋቸውን ይዘው ወደ አንሙት መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ ከኋላ እየተከተሉ «ልየው፣ በእግርህ ሂድ። ሬሳ አይቀየምህም» ይላሉ።

«ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ጋልበን፣ ሽባባውን በእግሬ ሄጄ ልቅበረው? አንሙት፣ ሞተርህን አስነሳ።»

«ጋሼ፣ ሰው ጭኜ አላውቅም።»

«ከእናትህ ቀብር ማግስት ኮርቻ ላይ ከፊቴ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ያመጣሁህ እኔ አይደለሁም? አንተን ስጭን እኔ ለምጄ ነበር?»

አንሙት ከደጁ ድንጋይ ላይ እግሩን አስደግፎ ሞተሩን አስነሳ፤ አጎቱም ከኋላው ተፈናጠጡ።

መንገዱ መልካም ነበር። አንሙት በልቡ ሂሳቡን ጨርሷል፤ ከለቅሶው ሜዳ ዳር፣ ከዋርካው ሥር አንድ ሰፊ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ይቆማል። ሜዳው ሲደርሱ ፈረሰኞቹ ከተረተሩ ላይ ተሰልፈዋል። የሟቹ ፈረስ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ በተርታው ፊት እየተመራ ይመጣል። በእኛ አገር የማኅበሩ ሰው ከሆንህ፣ ያ ፈረስ በፊትህ ሲያልፍ ተርታህ ላይ፣ ኮርቻህ ላይ ሆነህ ትጠብቀዋለህ። አስቀድሞ መውረድ ነውር ነው። አንሙት ተርታውን አልፎ ወደ ዋርካው ሲያቀና አጎቱ ትከሻውን ጨበጡት።

«ወዴት ነው? ተርታው ውስጥ ግባ!»

«ጋሼ፣ እዚያ ድንጋዩ ጋ...»

«የምን ድንጋይ! የሽባባው ፈረስ ደረሰ እኮ! እዚህ ቁም ብዬሃለሁ!»

አንሙት ቆመ። ቦታው ወደ ግራ ያዘቀዘቀ ነበር። ግራ እግሩን ወረወረ፤ መሬት የለም። ሞተሩ ሲያጋድል ተሰማው፤ ክንዱን ቢወጥር የሁለት ሰውና የብረት ክብደት ከክንዱ በላይ ሆነ። እሱ ተሽቀንጥሮ ሣሩ ላይ ወደቀ። ጋሽ ልየው ሞተሩ ሥር ቀሩ። ሁሉም ሰው የሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ይመስል ነበር። ፈረሶቹ ደነበሩ፣ አልቃሾቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ እንደገና ለቅሶው ተነሣ፣ አሁን ግን ለማን እንደሚለቀስ አይለይም ነበር። አንሙት ሲነሳ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ጋሽ ልየው ሆስፒታል ሁለት ወር ተኙ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲጠገን አንዱ እግር አጠረ። ሐኪሙ በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ከእንግዲህ ግን ፈረስ ላይ ተፈናጠው አይቀመጡም አለ። ናደው እንደተባለው በአሥረኛው ቀን ድኖ ነበር። ጋሽ ልየው በምርኩዝ ሲመለሱ ከደጅ ታስሮ ጠበቃቸው። ኮርቻው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

አንሙት ሞተሩን ከአጎቱ ጓሮ ሸራ አልብሶ፣ እንደ ድሮው በእግሩ መዞር ጀመረ። ላሞቹም እንደ ድሮው ሳይደርስላቸው ይሞቱ ጀመር። ቤተሰቡ አንድም ቀን አልወቀሰውም። እትዬ ይታይሽ እንዲያውም «የእግዜር ቁጣ ነው» ይሉታል። እሱ ግን የእግዜር ቁጣ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን የአጎቱን ቁስል ሊያይ ሄዶ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ መደበቁን አልቻለም።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ እግሬ አልደረሰም ነበር። እያወቅሁ ነው እሺ ያልሁ። እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።»

ጋሽ ልየው ወደ ናደው እያዩ ነበር።

«እኔም አይቻለሁ» አሉ። «ጣትህ ስትንጠለጠል አይቻለሁ። ሰው እንዳያይብኝ ነው የሳቅሁት።»

አንሙት አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም፤ እጃቸውን ግን ከእጁ ላይ አላነሱም። ሲመሽም «ሸጠህ ዝቅ ያለችዋን ግዛ» አሉት።

በጥር ወር፣ የፈረሰኞቹ በዓል ሊደርስ ሲል ገዢ መጣ። ቢሻው የሚባል የእህል ነጋዴ ነው፤ ገንዘብ ያለው፣ ቁመቱ ግን ከአንሙት ቢያንስ እንጂ የማይበልጥ። ሸራው ተገፎ ሞተሩ ከደጅ ተገተረ፤ ሊያዩ የመጡ ጎረቤቶችም ከበቡ። ጋሽ ልየው ከበራፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቢሻው በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣና ደረቱን ነፋ።

«እህሳ! አባ ናደውን አልመስልም?»

አንሙት የሰውየውን ጫማ አየ። ሁለቱም ተንጠልጥለዋል።

«ወንድሜ ውረድ» አለ። «እግርህ አይደርስም። አልሸጥልህም።»

«አንተ ማን ሆነህ ነው እምትመርጥልኝ?» አለ ቢሻው ተቆጥቶ። ወደ ጎረቤቶቹም ዞሮ «የፈረሰኛ እግር መሬት ነክቶ ያውቃል?» ሲል የታወቀችውን አባባል ወረወረ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወደ በራፉ አየ። ጋሽ ልየው ቀስ ብለው ተነሡ። እያነከሱ መጥተው ከሞተሩ ጎን ቆሙና፣ ምርኩዛቸውን ዘርግተው በሰውየው ጫማና በመሬቱ መካከል አሳለፉት። ምርኩዙ ምንም አልነካም።

«ያንን የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ በአፌ ተናግሬ በአጥንቴ ከፈልሁበት» አሉ፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ኮርቻ አንድ ጊዜ አይተውም ቀጠሉ፦ «እንግዲህ በእሱ ፈንታ ይህን በሉ፤ እግሩ መሬት ያልነካ፣ በኮርቻው አይመካ።»