እመት ጃርትና አፉን የዘጋው ምድጃ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው በጣም ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃዎችም እንደኛ አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት፣ ድንጋይ እንኳ "እንደምን አደርክ" ሲሉት "ደህና" ብሎ በሚመልስበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን እመት ጃርት የምትባል ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ዳቦ ጋግራ ነው። ዳቦዋን የቀመሰ ሁሉ ይመለሳል። ችግሯ ጭሱ ነበር። መሬት ቆፍራ የሠራችው ምድጃ እርጥብ እንጨት በገባበት ቁጥር ዓይኗን ያቃጥላታል። ዓይኗ ሲቃጠል ታስነጥሳለች፤ ስታስነጥስ እሾኋ ይበተናል፤ ደንበኞቿም ዳቦውን ከመብላታቸው በፊት እሾህ ይለቅማሉ።

አንድ የገበያ ቀን በአቶ ጉሬዛ ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ ቆም አለች። አቶ ጉሬዛ ያን ነጭ ካባውን ደርቦ ከአንድ ምድጃ አጠገብ ቆሟል። ምድጃው ያብረቀርቃል። በሩ መስታወት ነው። እንጨት አይበላም፣ ጭስ አያወጣም፤ በሽቦ መብረቅ እየጠጣ ነው የሚግለው። አቶ ጉሬዛ እንዲህ ያለው ምድጃ በንጉሥ አንበሳ ማዕድ ቤት እንኳ እንደሌለ አጫወታት። ከዚያም ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።

"ይህ የዋስትና ወረቀት ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ቢበላሽ እኔ አለሁልዎ" አላት።

እመት ጃርት ስንት ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ ሰጥታ ምድጃውን ወሰደች። አሮጌውን ጉድጓድ በአፈር ደፍና ጎመን ተከለችበት። ወዲያውም ወይዘሮ ሚዳቋ ልጇን ልትድር ነውና አርባ ድፎ ዳቦ አዘዘቻት። እመት ጃርት በአዲሱ ምድጃዋ ተማምና ቃል ገባች።

ሳምንት ሳይሞላ ጉድ መጣ። ዳቦው ሲወጣ ላዩ ቀይ ነው፤ ሲቆረስ ውስጡ ሊጥ ነው። ምድጃውን ምን ሆነህ ነው ብትለው ዝም አላት።

ወደ አቶ ጉሬዛ ሄደች። አቶ ጉሬዛ ፈገግ ብሎ አይጨነቁ አላትና ጠጋኙን ጦጣን ላከላት። ጦጣ የመሣሪያ ከረጢቱን አንጠልጥሎ መጣ። መስታወቱን ወለወለ፤ ምድጃው የመንገድ ድካም ስላለበት አንድ ቀን ይረፍ ብሏት ሄደ። ምድጃው አረፈ። እሷ ጋገረች። ዳቦው ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ሊጥ።

ዳግመኛ ሄደች። አቶ ጉሬዛ ዳግመኛ ፈገግ አለ። ጦጣም መጥቶ የምድጃውን መዘውር ነቅሎ ሌላ የሚያብለጨልጭ መዘውር ተከለለት። ጋገረች። አሁንም ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ሊጥ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። በዚህ ጊዜ አቶ ጉሬዛ ፈገግም አላለ። ጦጣ መጣና ከበሩ ሳያልፍ ቆመ። በመስታወቱ ላይ ቀጭን የጭረት መስመር አየ። መሬት መሬት እያየ፣ በእሾህ የተቧጨረ ምድጃ ዋስትናው ይቀራል ተብያለሁ አላት። ከረጢቱን እንኳ ሳይፈታ ተመለሰ።

ለሠርጉ አራት ቀን ቀርቷል። እመት ጃርት በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች። ጭሱም ሳይኖር ዓይኗ እንባ አቀረረ። የአርባ ዳቦ ቃል አለባት፤ አሮጌው ምድጃ የለም፤ አዲሱ አይጋግርም። ከዚህ በኋላ ማን ዳቦ ያዛታል?

ይህን ስታስብ የተሰባበረ ዕቃ የሚሰበስበው ቁራ "ቁራሌው፣ ቁራሌው" እያለ በአጥሩ በኩል አለፈ። በዚያች ቅጽበት የምድጃው በር ተንቀጠቀጠ። እመት ጃርት ሰማች። ቁራ ራቅ ሲል በሩ ጸጥ አለ፤ ዞሮ ሲመለስ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ገብታ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው፤ "እስከ ዛሬ ምን ሆነህ ነው እያልኩ ስቆጣህ ኖርኩ። የት ጋ ነው የሚያምህ?"

ምድጃው መጀመሪያ በሩን ገርበብ አደረገ። በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ "ከኋላዬ፣ እመቤቴ" አላት።

ከዚያ በኋላ አላቆመም። ወደ ሱቅ ሲመጣ የተጫነባት አህያ ወንዝ ስትሻገር ተንሸራታ እንደጣለችው፣ የማሞቂያው ሽቦ እንደተሰነጠቀ፣ ትንሽ ሲግል ስንጥቁ እየተከፈተ እንደሚቀዘቅዝ ነገራት። አቶ ጉሬዛ መውደቁን አይቷል። አይቶም ጭቃውን ጠርጎ ካሳመረው በኋላ፣ ከተናገርክ ለቁራ ነው የምሰጥህ ብሎታል።

እመት ጃርት መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ አሳዘናት። ለቁራ እንደማትሰጠው ማለችለት፤ እሱ ግን ይህንኑ በሰው ፊት እንዲደግመው ለመነችው። ምድጃው ፈራ። ቢሆንም እሺ አላት።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ጎረቤቷ በሬ ምድጃውን በጋሪ ጎተተላት። በአቶ ጉሬዛ ሱቅ ፊት አወረዱት፤ የገበያው ዳኛ አባ ኤሊም ተጠሩ። ገበያተኛው ከበበ። አቶ ጉሬዛ ካባውን አስተካክሎ፣ ምድጃው ጤነኛ እንደነበረ፣ ጥፋቱ የእመት ጃርት እሾህ እንደሆነ ተናገረ።

አባ ኤሊ ወደ እመት ጃርት ዞሩና ቧጭረሽዋል ወይ ብለው ጠየቁ። አልካደችም፤ በመጀመሪያው ቀን ከደስታዋ ብዛት አቅፋው ነበር።

"እንግዲህ ንገረኝ ጉሬዛ" አሉ አባ ኤሊ፤ "የበር ጭረት ሆድ ያቀዘቅዛል?"

አቶ ጉሬዛ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል አለ። አባ ኤሊ ወረቀቱን ጠየቁት። ወረቀቱ አፈረ። ፊቴ ላይ "አምስት ዓመት" ብለው በትልቁ ጻፉብኝ፣ ጀርባዬ ላይ ግን ጉንዳን እንኳ በማታነበው ፊደል መልሰው ወሰዱት ብሎ ተጠቀለለ። ገበያው ሳቀ።

ያን ጊዜ ምድጃው ወንዙንም፣ ስንጥቁንም፣ ዛቻውንም አንድ በአንድ ተናገረ። አቶ ጉሬዛ ዕቃ ምን ያውቃል ብሎ ሊያቋርጠው ሲል ጦጣ ከሰዉ መሃል ወጣ።

"ጀርባውን አትክፈት ተብዬ ነው ያልከፈትኩት" አለ፤ "ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ አፍሬ ተመልሻለሁ። ፍቀዱልኝና ልክፈተው።"

ተፈቀደለት። ከረጢቱን ፈታ፤ ጀርባውን ከፈተ። ሽቦው ከመሃሉ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተሰንጥቋል። ሁሉም አየ።

አባ ኤሊ ፈረዱ፤ አቶ ጉሬዛ ከመደርደሪያው አዲስ ሽቦ ያውጣ፣ ጦጣ ይግጠም፣ ምድጃውንም አቶ ጉሬዛ ራሱ ተሸክሞ እቤቷ ያድርስ። ጦጣ እየዘፈነ ገጠመው። አቶ ጉሬዛ ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ ነጩ ካባው አቧራ ለብሶ የአህያ ቆዳ መሰለ።

ለሠርጉ አርባ ድፎ ደረሰ። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ወይዘሮ ሚዳቋ አንዱን ቆርሳ ለእመት ጃርት አጎረሰቻት።

ምድጃው ከዚያ ወዲያ አልተበላሸም እንዳልላችሁ፣ ውሸት ይሆንብኛል። በሁለተኛው ዓመት የበሩ ማጠፊያ ላላ፣ በአራተኛው መብራቱ ጠፋ። ግን ሁለቱንም ጊዜ በጠዋት የት ጋ እንዳመመው ራሱ ተናገረ፤ ጦጣም ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ ጠገነው። አቶ ጉሬዛም ገበያተኛ እንዳይርቀው ፈርቶ፣ ዕቃ ሲሸጥ ጀርባውን ከፍቶ ማሳየት ለመደ።

ስለዚህ ልጆች፣ ዋስ ነኝ ያለ ሰው ዋስነቱ የሚታየው ዕቃው የተበላሸ ዕለት መሆኑን ያዙልኝ። እኔ የሰማሁትን አድርሻለሁ፤ በሉ አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ እናንተ እስክታወጉኝ እኔ ዳቦዬን ልቁረስ።