ሚዳቋና የዋሻው ሸማኔዎች

ተረት ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ጆሯችሁን ወዲህ በሉት።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳት ሁሉ ልብስ በሚለብሱበት ዘመን፣ አያ ቀበሮ የሚባል ነጋዴ ነበረ። በየሰባት ቀኑ ገበያ ይወጣና ካባ ይሸጣል። ካባው ሞቃት ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ዝሆን ለበሰ፣ ጅብ ለበሰ፣ ጥንቸል ለበሰች። አገሩ ሁሉ ሞቀው።

እመት ሚዳቋም ገዛች። ሚዳቋ ግን መጠየቅ ትወዳለች። ካባዋን ደባብሳ፣ "አንተ ካባ፣ ማን ሸመነህ?" አለችው።

"ከገበያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፤ የተሸመንኩበትን ክር ጠይቂው" አላት።

"አንተ ክር፣ ማን ሸምኖ ካባ አደረገህ?"

"እኔ ስሮጥ ነው የኖርኩት፤ በድሩ መሃል ያሯሯጠኝን የሸማኔ መወርወሪያ ጠይቂው። ከገደሉ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ አለ።"

ሚዳቋ ወደ ገደሉ ወረደች። የዋሻው አፍ በትልቅ ድንጋይ ተዘግቷል። በድንጋዩ ጠርዝ አጮልቃ፣ "አንተ መወርወሪያ፣ ማን ነው የሚወረውርህ?" አለችው።

"ዐሥራ ሁለት ጦጣዎች ናቸው። ግን ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ጣሪያው ተሰንጥቋል።"

ይህን ጊዜ አንዲት አሮጊት ጦጣ ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። "እመት ሚዳቋ፣ ስንጥቁ ትናንት እንደ ፀጉር ነበረ፤ ዛሬ እጄ ይገባበታል። አያ ቀበሮን 'አውጣን' ብንለው፣ 'የገበያው ቀን ሳይደርስ?' አለን።"

ሚዳቋ እየሮጠች ተመለሰችና እንስሳቱን ሰበሰበች። ያየችውንም ነገረቻቸው። ቀበሮ ግን አላፈረም።

"እስቲ ፍረዱ!" አለ። "ሺህ እንስሳ ይሞቀዋል፤ ዐሥራ ሁለት ጦጣ ይፈራል። ሺህ ይበልጣል ወይስ ዐሥራ ሁለት?"

"ሺህ ይበልጣል" አለ ጅብ።

"ይበልጣል" አለች ጥንቸል፤ ድምጿ ግን ቀጠነ።

ሚዳቋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች። "እኔስ ቁጥር አልችልም፤ ልጠይቅ ብቻ። አያ ጅቦ፣ ዛሬ በአንዲቷ ጦጣ ቦታ ትቀመጣለህ?"

"እኔ? ጣሪያው ቢወድቅስ!"

"እመት ጥንቸል፣ አንቺስ?"

"ኧረ እኔ ልጆች አሉኝ!"

"አያ ቀበሮ፣ አንተስ?"

ቀበሮ ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ።

"ጦጣዎቹም ልጆች አሏቸው" አለች ሚዳቋ። "ካባው በሰባት ቀን ፈንታ በወር ቢደርስ፣ ከእኛ ማን ይሞታል?"

ዝሆን ካባውን አውልቆ መሬት ላይ አኖረና ወደ ገደሉ ወረደ። ድንጋዩን በግንባሩ ገፋው። ጦጣዎቹ አንድ በአንድ፣ ዐይናቸውን ከፀሐይ እየከለሉ ወጡ። አሮጊቷ ከሁሉ ኋላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ዋሻው ተደረመሰ። ውስጡ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጦጣዎቹ በዋንዛ ጥላ ሥር፣ ሲደክማቸው እያረፉ ይሸምናሉ። ካባ ይዘገያል። ክረምት ሲገባ የሚበርደው አለ፤ የሚያጉረመርምም አለ። ቢሆንም ይጠብቃሉ።

ተረቱ ይኸው ነው፤ ሰምታችሁ ለሌላ አቀብሉ። በራሱ የማይፈርደውን በሌላው የሚፈርድ፣ ቁጥር ያውቃል እንጂ ፍርድ አያውቅም።