ተገልብጣ የምትሄደው ወለላ

አንዲት ሴት ነበረች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንደ እናንተው ናት። ልጇን ትወዳለች፣ ጎረቤት ትፈራለች።

ይህች ሴት ወለላ የምትባል ልጅ አለቻት። ወለላ አራተኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ። ችግሯ ምን መሰላችሁ? ትገለበጣለች። ውኃ ቅጂ ስትባል ትገለበጣለች። ሱቅ ስትላክ ግማሹን መንገድ በእጇ ነው የምትሄደው፤ ጨው ብትላክ ከነአፈሩ ነው የምታመጣው። ቤት እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ የሚቀበለው መጀመሪያ የወለላ እግር ነው።

“አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁኚ!” ትላታለች እናቷ።

“ሰው ነኝ እኮ እማ፤ ተገልብጬ ነው እንጂ።”

ታዲያ እናትየው ምን አሰበች? “ከትምህርት በኋላ የምትውልበት ነገር ብታገኝ ትረጋጋለች” አለች። መልካም ሐሳብ! ግን ልጅቷን ጠየቀቻት? አልጠየቀቻትም። የጠየቀችው ጎረቤቷን እትዬ ብርቄን ነው።

እትዬ ብርቄ የማያውቁት ነገር የለም። “ጥልፍ አስገቢያት፤ ጥልፍ እጅ ይይዛል” አሉ። ወለላ ጥልፍ ገባች። እውነትም እጇ ተያዘ፤ እግሯን ግን ማን ይያዘው? አንድ ቀን ክሩን ሁሉ ከወንበሩ፣ ወንበሩንም ከራሷ ጋር ጠልፋ ተገኘች። አስተማሪዋ “እባክሽ ይቺን ልጅ ውሰጂልኝ” አለች።

ከዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መዘምራን ውስጥ ገባች። “መዝሙር ልብ ያረጋጋል” ተብሎ ነው። ወለላ መዝሙሩን ወደደችው። ከመውደዷ የተነሳ፣ በበዓሉ ቀን እልልታው ሲደምቅ ነጠላዋን እንደለበሰች እግሯን ወደ ሰማይ ሰቀለችው። በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት!

እናትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እየጎተተች ስታስወጣት ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው?

“እማ፣ ከሥር ሱሪ ለብሻለሁ እኮ!”

እናንተ ትስቃላችሁ። ለእናትየው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ያን ቀን ቤት ገብታ አለቀሰች። ወለላም ስታለቅስ አየቻትና “በቃ እማ፣ ሁለተኛ አልገለበጥም” አለች።

ቃሏን ጠበቀች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ትቀመጣለች። ሱቅ ትላካለች፣ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች፤ ጨዉም ንጹሕ ነው። እናትየው መጀመሪያ “ተመስገን!” አለች። ቆይቶ ግን የቤቱ ጸጥታ አልጥም አላት። ወለላ ምሳዋን ግማሹን ትተወዋለች። ስትጠራ “አቤት” ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የላትም። እናትየው ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ያንን አቧራ የጠጣ ውስጥ እግር በዓይኗ ፈለገችው። የለም።

የለመናችሁትን አግኝታችሁ ደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ደነገጠች።

እትዬ ብርቄም ደረሱ። “አላልኩሽም? ያኔ ይገለብጣት ነበር፣ አሁን ደግሞ ያደነዝዛታል። ዓይነ ጥላ ነው! ጠበል ውሰጃት።”

ወሰደቻት። አጥማቂው ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ወለላ ተራዋ ደርሶ ፊታቸው ቆመች። እሳቸውም መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ ያደረባት መንፈስ ካለ እንዲናገር እንደ ልማዳቸው ጮክ አሉ።

“ማን ነህ?”

“ወለላ ነኝ።”

“አንተን ነው የምልህ! ከየት መጣህ?”

“ከቤት። ከእማ ጋር።”

“ይህችን ልጅ ለምን ትገለብጣታለህ?”

ወለላ ግራ ቀኟን አየች። ሌላ ሰው የለም። “አባ፣ ማንም አልገለበጠኝም። እኔው ራሴ ነበርኩ።”

“ለምን?”

“ደስ ይለኛላ!”

አባ መስቀሉን ዝቅ አደረጉት። በዚያ ቦታ ስንቱ ጮኾ፣ ስንቱ ወድቆ አይተዋል፤ “ደስ ይለኛላ” ያላቸው ግን አልነበረም። “እስቲ አሳዪኝ” አሏት።

ልብ በሉ! “ተይ” ያላት ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። “እስቲ አሳዪኝ” ያላት ግን የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ወለላ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ቃል ገብታላታለች፤ ካልተፈቀደላት አትነሳም። እናትየውም አየቻት። ያ ከቤቷ የጠፋባት ነገር በልጅቷ ዓይን ውስጥ ብቅ ሲል አየችው።

“ሂጂ፣ አሳዪያቸው” አለቻት።

ሄደች! ከሳሩ ዳር እስከ ዳር፣ በእጇ! ተራ ይጠብቅ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። በሰው ተደግፈው የመጡ አንዲት ባልቴት ሕመማቸውን ረስተው እልልታውን አቀለጡት።

አባ ሳቃቸውን እየዋጡ ወደ እናትየው ዞሩ። “ልጄ፣ ጠበሉን ጠጥታ ትሂድ፤ በረከት ነው። የሚወጣ ነገር ግን የለባትም። ይልቅ ፍራሽ ፈልጊላት፣ አንገቷን እንዳትሰበር።”

ፈለገችላት። ለካስ እዚያው ሰፈራቸው፣ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጆች በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሰርከስ ይለማመዳሉ! እናትየው ስንት ጊዜ በዚያ በር አልፋለች። አሁን ግን እንደ ጥልፉ ጎትታ አላስገባቻትም። “ግቢና እዪው። ካልወደድሽው እንሄዳለን” ብላት በሩ ላይ ቆመች። ወለላ ገባች። አሰልጣኙ “ተራ ያዢ” ሲላት፣ ያቺ ወለላ፣ አትደነቁም? ተራ ያዘች! ማታ ቤት ስትገባ እራቷን አሟጣ በልታ “ጨምሪልኝ” አለች።

ሰንበት ብለው እትዬ ብርቄ በአጥር ላይ ብቅ አሉ። “እህሳ፣ ለቀቃት? ወይስ አሁንም ትገለበጣለች?”

“ትገለበጣለች እንጂ እትዬ! ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ።”

እናቶች፣ አባቶች፣ እኔን አፍጥጣችሁ አትዩኝ፤ ልጆቻችሁን እዩ። ልጃችሁ ጠረጴዛ ይደበድባል? ደብተሩን በሥዕል ይጨርሳል? የተበላሸ ራዲዮ ልጠግን ብሎ ደህናውን ይፈታል? “ምን ዓይነት ሰይጣን ነው የተጠናወተው!” ትላላችሁ። ምናልባት መክሊቱ ይሆናላ! እግዚአብሔር ያስገባውን እናንተ ልታስወጡ ሰልፍ ይዛችሁ እንዳይሆን።

የሞከረው ሁሉ ካልሆነለትም አትዘኑበት። ጥልፉ አልሆነም? አይሁን! እትዬ ብርቄም ቢቀየሙ ያልፍላቸዋል። እናንተ ግን ልጁን ሳትጠይቁ ጎረቤት አትጠይቁ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ያንኑ የሚያናድዳችሁን ነገር ሲያደርግ ታገኙታላችሁ። “ተው!” የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ይመጣል። ዋጡት። ቦርሳችሁን አስቀምጡ፣ ቁጭ በሉና “እስቲ አሳየኝ” በሉት።

ፍራሹን ከዚያ በኋላ ትፈልጉለታላችሁ።