ዳልቻን ያወደሰ አፍ

ማርያምን ብዬ ብምልልሽም አታምኚኝም፣ የሻረግ፤ ግን አንዴ ጠይቀሽኛልና ስሚኝ። «ነገ ለሥራ ፈተና ስቀርብ ለራሴ ‹አይዞሽ፣ ትችያለሽ› ብላት፣ ራሴን መዋሸት አይሆንብኝም ወይ?» አልሽ አይደል?

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ዳልቻ የሚባል በሬ ነበረው፤ ከመክሳቱ የተነሣ ያረፈበትን ዝንብ አጥንቱ ይወጋው ነበር። ሰውየው ሲያርስ ግን ያን በሬ ሲያወድሰው አገር ይሰማዋል። «እሰይ ዳልቻዬ! ይቺን ጭንጫ አምና ማን ገለበጣት? አንተ አይደለህም? በል እንግዲህ፣ አንዲት ትልም ብቻ!» ዳልቻም ይህን ሲሰማ አጥንቱን ሰብስቦ ይነሣና ጭንጫውን እንደ ቅቤ ይሰነጥቀዋል።

ይኸው ሰው ወደ ራሱ ሲመለስ አፉ ሌላ ነው። «እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ምላሴ ይተሳሰራል» ይላል። ለጎረቤት ይላል፣ ለመንገደኛ ይላል፣ ሰሚ ሲያጣ ለአጥሩ ይላል።

አንድ በጋ ጎረቤቱ፣ አንድ ሀብታም ሰው፣ የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ሃያ እርምጃ ወደ ገበሬው መሬት አስገባው። ሽማግሌዎች ለእሑድ ቀጠሩ። ያን ቀን ካልተናገረ ልጆቹን የሚያበላበት መሬት ሄደ ማለት ነው። ሰውየው ከዓርብ ጀምሮ ተኛ። «በቃ ተወሰደ፤ እኔ እንደሆንኩ አልችልም» እያለ ግድግዳ ያያል።

ሚስቱ ብትለምነው፣ ብትቆጣው እንቢ ሲላት፣ «አንተ ሰው፣ ዳልቻን አንድ ቀን ‹አትረባም› ብለኸው ታውቃለህ?» አለችው።

«እንዴት ተደርጎ! ይተኛብኛላ!»

«ታዲያ አንተ ከዓርብ ጀምሮ ለምን የተኛህ መሰለህ?»

እሑድ ጅራፉን ይዞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። «እኔ… አል…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ጅራፉን ዷ! አደረገና ራሱን፣ «እሰይ የኔ ጌታ! ይሄን ድንጋይ ከአባትህ ጋር ማን ተከለው? አንተ አይደለህም? በል እንግዲህ፣ አንዲት ቃል ብቻ!» አለው። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን አንዷን ቃል አወጣ፤ ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ድንጋዩ የት እንደነበረ፣ ሲተከል ማን እንዳየ፣ በማን ዘመን እንደሆነ ሲናገር ሲናገር ፀሐይዋ ሰልችቷት ገባች።

ልብ በዪ፣ የሻረግ፤ ሰውየው ዳልቻን ‹ዝሆን ነህ› አላለውም፤ ራሱንም ‹ንጉሥ ነህ› አላለም። የሠራውን አስታወሰውና አንዲት ትልም ብቻ ጠየቀው። ውሸቱስ «አልችልም» ማለቱ ነበር። የነገው ፈተናም ያው ጭንጫ ነው። ስንቱን ፈተና አልፈሽ እዚህ የደረስሽው አንቺ አይደለሽም? ለበሬ የማይነፈገውን ቃል ለራስሽ አትንፈጊያት።

ፍርዱ? እሱንማ ረሳሁት። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመክሩ ሀብታሙ ብድግ ብሎ ጮኸ፦ «እኔ ምን ላድርግ! ‹መናገር አልችልም› ብሎ የነገረኝ ራሱ ነው! እንዲህ እንደሚናገር ባውቅ ድንጋዩን መች እነካው ነበር!»