ገበታውን ከአጥር ያወጣው ሰው

ተማሪው ምንተስኖት፣ እንግሊዞች «ሞተ» ለማለት «ባልዲውን ረገጠ» እንደሚሉ በሰማ ጊዜ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሳቁ ሲበርድለትም መምህር አየነውን፣ «ትርጉሙን ካወቅን መነሻውን ማወቅ ምን ይረባናል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው መምህር ጠመኔውን አስቀምጠው እንዲህ አሉት።

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሐኪም በማይደርስበት አገር የሚኖር፣ ለቀልድ የማይሰንፍ፣ በሰርግም በደቦም ሰው የሚከበው። በዚያ አገር ንፉግን ሰው «ገበታውን ከአጥር አወጣ» እያሉ ይሰድቡታል። ስድቡ ከማን እንደተጀመረ የሚጠይቅ አልነበረም። ገበሬው ግን ከስድብ ሁሉ ይህን ይወድ ነበር፤ ቦታውን አይቶ ጣል ሲያደርገው ሰው ሁሉ ይስቅለታል።

ይህ ገበሬ አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ከአንድ ገበታ እየተጎራረሱ ነው ያደጉት። አንድ ዓመት መኸር ሲደርስ ታናሹ ምክንያቱን ሳይናገር ከገበታ ቀረ። ምግቡን በሳህን ይዞ ጓሮ ይበላል፤ የወንድሙ ልጆች ሲጠጉት ያባርራቸዋል። ነገሩ ገበሬውን ቆረቆረው። ምን በደልኩህ ብሎ መጠየቅ ይገባው ነበር፤ ለእሱ ግን ከመጠየቅ መቀለድ ይቀለዋል። የአጨዳው ደቦ ለምሳ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ታናሹ እንደ ልማዱ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። ገበሬውም፣ «ተዉት፤ ገበታውን ከአጥር አውጥቷል» አለ።

ሰው ሳቀ። ታናሹ ዞር ብሎ አየውና ሳህኑን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ከቤት ወጥቶ ከጅረቱ ማዶ ካለች የእርሻ ጎጆ ገባ።

ያን ቀን ያልሳቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ገበሬውን ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ ያ ገበታውን ያወጣው ሰው ንፉግ አልነበረም። በወረርሽኙ ዘመን በሽታው ሲይዘው፣ ልጆቹ ከእጁ እንዳይጎርሱ ብሎ ነው ከአጥር ውጭ የበላው። እዚያው ሞተ፤ ልጆቹ ተረፉ። እኔ የልጁ ልጅ ነኝ። ለመሆኑ ወንድምህ ሲያስል አልሰማህም?»

ሰምቷል። ክረምቱን ሙሉ ሰምቶ፣ ብርድ ነው ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ግን ልጆቹ ሲባረሩ የነበረው ለምን እንደሆነ ገባው። ምሳውን ይዞ ወደ ጅረቱ ሮጠ።

«ወንድምዓለም፣ አትሻገር» አለው ታናሹ ከማዶ። «ልጆች አሉህ።»

ገበሬው አልተሻገረም። ከዳር ተቀምጦ ገበታውን ዘረጋ። ታናሹም ጥቂት ቆይቶ ሳህኑን አውጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ውኃው በመካከላቸው እያለፈ አብረው በሉ። ታናሹ እስኪያርፍ ድረስ ገበሬው ምሳውን ሌላ ቦታ አልበላም። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል፤ ወንድሙ ግን ለብቻው አልሞተም።

ከዚያ ወዲያ ገበሬው ባለበት አንዱ ስለ ሌላው «ገበታውን ከአጥር አወጣ» ሲል፣ «ማንን ሊያድን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የሚስቅም አልተገኘም።

መምህር አየነው ወደ ምንተስኖት ዞሩ።

«የባልዲው ነገር ከየት እንደመጣ እኔም በእርግጥ አላውቅም፤ የቋንቋው ሊቃውንትም አይስማሙበትም። አንተ ግን እንደ ገበሬው ነህ፤ እሱ የስድቡን ትርጉም አጥርቶ ያውቅ ነበር፣ ወንድሙን ግን አላወቀም። ሳቅ፣ አልከለክልህም። ብቻ ከመሳቅህ በፊት ከአጥሩ ማዶ ማን ተቀምጦ እንደነበር ጠይቅ።»