ከሥር የሚወጣው ውኃ

አንድ እናቱን የሚያስታምም ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ደምሰው ይባላል። እናቱ እማማ ውድነሽ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ዓመታት አልፈዋል። የስፌት መኪናውን ከአልጋቸው አጠገብ ተክሎ፣ ዓይኑን አንዴ መርፌው ላይ አንዴ እናቱ ላይ እያደረገ ይውላል። ያጥባቸዋል፣ ያጎርሳቸዋል፣ ያገላብጣቸዋል፣ ከዚያ ወደ መርፌው ይመለሳል። ሲነጋም ይኸው፣ ሲመሽም ይኸው።

ቀድሞ ግቢ ነበራቸው። እማማ ውድነሽ በዚያ ግቢ ጽጌረዳና ጤና አዳም ሲኮተኩቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ፈርሶ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው፣ ደምሰው አዝሏቸው ደረጃውን ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያዩት ነገር ቢኖር ከአልጋቸው ትይዩ ያለችውን፣ ከሰፌድ ብዙም የማትሰፋውን በረንዳ ነው። «ልጄ፣ አረንጓዴ ነገር ናፈቀኝ» አሉት አንድ ቀን። ከዚያ በፊት ምንም ለምነውት አያውቁም። የሕንፃው ኮሚቴ ደግሞ በረንዳ ላይ አፈር መከመር ከልክሏል፤ ይከብዳል፣ ውኃ ሲነካው ታች የተሰጣ ልብስ ላይ ጭቃ ያንጠባጥባል።

መላ ያመጡለት እትዬ ላቀች ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የአበባ እርሻ የችግኝ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እንደ ጡብ የተጠቀጠቀ ቡናማ ነገር ይዘው ወጡና ባልዲ ውስጥ ከትተው ውኃ አፈሰሱበት። ጡቡ እያበጠ፣ እየፈረፈረ ባልዲውን ሞላው። የኮኮናት ልጣጭ ቃጫ ነው፤ የአበባ እርሻ ሰዎች ኮኮፒት ይሉታል። ደጋግመው አጠቡት፣ ጨመቁት፣ ከሥራቸው ቀዳዳ ባላቸው የአበባ መትከያዎች ሞልተው ሦስት የጽጌረዳ ችግኝ ተከሉበት።

«ስማኝ ደምሰው» አሉት። «ይሄ አፈር አይደለም። አፈር የራሱ ስንቅ አለው፤ ብትረሳውም ተክሉን ያቆይልሃል። ይሄ ግን የሰጠኸውን ይይዛል እንጂ የራሱ የሚባል ምንም የለው። ስለዚህ ባጠጣህ ቁጥር ይሄን ያመጣሁልህን ማዳበሪያ ቀጠን አድርገህ ውኃው ውስጥ በጥብጥበት። እስኪደርቅም አትጠብቀው። ዋናው ነገር ደግሞ፣ ከሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጣው። የወጣውን ድፋው።»

«የወጣውን ልድፋው?»

«አዎ ድፋው። ካሳዘነህ ግቢ ላለው ዛፍ ስጠው።»

ደምሰው የመጀመሪያውን ትእዛዝ እንደ ጸሎት ያዘው። የመጨረሻውን ግን ሊውጠው አልቻለም። እስቲ ፍረዱ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው፣ ያንን ውኃ በማዳበሪያ በጥብጦ እንዴት ይድፋው? «ግፍ ነው» አለ። በየመትከያው ሥር ሳህን አስቀመጠ። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን አንሥቶ መልሶ ከላይ ያፈስሰዋል። ሲወርድ መልሶ፣ ሲወርድ መልሶ። አንዲት ጠብታ ሳታመልጠው። በዚህም ይኮራ ነበር። እኔም ብሆን ሳህን ማስቀመጤ አይቀርም፤ በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ውኃ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም።

ሰውየው በሌላውም ነገር እንዲሁ ነበር። ታናሽ እህቱ የትምወርቅ በየእሑዱ ከከተማው ዳር ተነሥታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ላጉርሳት። አንተ ወጣ በልና ትንሽ ነፋስ ይንካህ» ትለዋለች። «አንቺ አጎራረሷን አታውቂበትም፤ ትን ይላታል» ይላታል። ልጅቷ ሻይዋን ጠጥታ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ትሄዳለች። ጎረቤት መጥቶ «እኛ እንቀመጥላቸው፣ አንተ ለቅሶ ድረስ» ሲለው፣ «እኔ እያለሁ?» ይላል። ሲከፋው አይናገርም። ሲያመው አይተኛም። ሆድ ይፍጀው ይላል። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን «አንድም የሚያግዘኝ ሰው የለ» እያለ ለስፌት መኪናው ሲያጉረመርም እናቱ ይሰማሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ሎሚውን ግን ለማንም አንሰጥም።

ወራት ሲያልፉ የጽጌረዳዎቹ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ እሳት የነካው ወረቀት መሰለ። ደምሰው «ርቧቸው ነው» አለና ማዳበሪያውን አወፈረው። ባሰባቸው። በዚያው ሰሞን እማማ ውድነሽም መብላት ቀነሱ። በሁለት ጉርሻ «በቃኝ» ይላሉ። አጥሚት አፈላ፣ ሾርባ ሠራ፣ እንቁላል ጠበሰ፤ እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ በረንዳው ያዞራሉ። ሐኪም ጠርቶ አሳያቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ደምሰውን ወደ በሩ ሳብ አደረገውና፣ «አዲስ በሽታ አላገኘሁም። እንዲህ ሳይበሉ ከቀጠሉ ግን ብዙ አይቆዩም» አለው።

ከዚያ ወዲያ ማንኪያ ከደምሰው እጅ አልተለየም። ይለምናል፣ ይቆጣል፣ መልሶ ይለምናል። አንድ ቀን ሾርባው አልጋ ልብሱ ላይ ሲደፋ፣ «ምን አድርግ ነው የምትዪኝ!» ብሎ ጮኸባቸው። እናቱ እጃቸውን ሰደው እጅጌው ላይ የፈሰሰውን ሊጠርጉለት ሞከሩ። ደምሰው በራሱ አፈረ፤ እፍረቱንም እንደ ሌላው ነገር ዋጠውና አልጋ ልብሱን ሊያጥብ ሄደ።

በነጋታው እሑድ እትዬ ላቀችን ጠራቸው፤ ስለ እናቱ ሳይሆን ስለ አበባዎቹ። ቢያንስ የምታየው አረንጓዴ ነገር አይሙትባት ብሎ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ሳህኑን አዩት፣ ቃጫው ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሳዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ሻጋታ መስሎኝ።»

«ጨው ነው። ማዳበሪያ ጨው አለው። ተክሉ የሚበቃውን ወስዶ፣ የተረፈው ከውኃው ጋር መውጣት ነበረበት። አንተ መልሰህ አጠጣኸው። ጨው በጨው ላይ። እነዚህ አልራባቸውም፤ ተቃጥለዋል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን አላጓደልኩባቸውም!»

«ማን አጓደልክ አለህ? መስጠቱንማ ሰጥተሃል። መውጫውን ነው የዘጋህባቸው።»

ይህን ብለው አንድ ሙሉ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ በመትከያዎቹ ላይ ቀስ እያሉ አንቆረቆሩት። ከሥር የወጣው ውኃ እንደ ሻይ ጠቁሮ ባልዲ ውስጥ ተጠራቀመ። ደምሰው የሚደፋውን ውኃ በዓይኑ ይለካል። እትዬ ላቀች ግን ባልዲውን ትተው እሱን ያዩት ጀመር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል።

«አንተስ?» አሉት።

«እኔ ምን?»

«አንተ ላይ የሚፈሰው በየት ነው የሚወጣው?»

«እትዬ ላቀች፣ የጠራሁዎት ስለ አበባ ነው» አለ ቆጣ ብሎ።

«እንግዲያው ባልዲውን ለዛፉ አድርስ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ።

የትምወርቅ ስትደርስ ወንድሟን በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ማንኪያ ይዞ መሐል ቤት ቆሞ አገኘችው። ሁለቱንም ሊሠራ አስቦ አንዱንም መጀመር አቅቶታል። «እስቲ ስጠኝ» አለችው እንደ ወትሮዋ። እንደ ወትሮው «አንቺ አታውቂበትም» ሊላት አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣ አለው። ድንገት ጥበብ ተገልጦለት እንዳይመስላችሁ፤ ደክሞት ነው። ማንኪያውን ሰጣትና ባልዲውን ይዞ ወረደ።

ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የግራቪሊያ ዛፍ አለ። ውኃውን ሥሩ ላይ ደፋው። አበባዎቹን ያቃጠለው ያ ሁሉ ነገር መሬቱ ውስጥ ስርግ ብሎ ጠፋ። ደምሰው ባዶውን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። ለመነሣት አስቦ ነበር፤ እንባው ቀደመው። ሊመልሰው ሞከረ፣ አልመለስም አለው። የግቢው ጥበቃ አይቶት ደንግጦ መጣ።

«ምነው ደምሰው፣ እማማ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«አሉ። እኔ ነኝ። ደክሞኛል።»

ይህን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ጥበቃው ምክር አልሰጠውም፣ ጥቅስ አልጠቀሰለትም። «ይደክማል እንጂ፣ እንዴት አይደክምም» ብሎ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደምሰው እንባው ሲያልቅ ፊቱን ጠርጎ ተነሣ፤ የሆነ ነገር ከትከሻው የቀለለው መሰለው።

ደረጃውን ሲወጣ ከቤቱ ሳቅ ሰማ። የእናቱ ሳቅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው እንኳን ረስቶት ነበር። በሩን ሲከፍት የሾርባው ሳህን ተጠርጎ አልቋል፣ የትምወርቅ ስለ ታናሽ ልጇ ተንኮል እያወራች የእናቷን አፍ በመሐረብ ትጠርጋለች። ደስታ ቀድሞ ደረሰው። ከኋላው ግን ቅናት ተከተለ፤ ሰው ነውና።

«እማዬ፣ ለእኔ እምቢ ብለሽ ለእሷ በላሽ? ምን በደልኩሽ?»

እማማ ውድነሽ እጁን ያዙት።

«ምንም አልበደልከኝ፣ ልጄ። አንተ ስታጎርሰኝ ዓይንህን አየዋለሁ። አንጀትህ እያረረ ነው የምታጎርሰኝ። እኔ ቶሎ ባልፍለት ይሄ ልጅ ያርፍ ነበር አልኩ። አፌን የዘጋሁት ለዚያ ነው።»

ደምሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እሱ ሊያቆያቸው ሲታገል፣ እሳቸው እሱን ሊያሳርፉ ብለው ለመሞት ይጣደፉ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ እሑድ የእህቱ ሆነ። በሳምንቱ መሐል እትዬ ላቀች ይቀመጣሉ። ደምሰውም ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሲከፋው ከፋኝ ይላል። ጽጌረዳዎቹ አበቡ እንድላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አንዷ ደርቃለች፣ የቀሩት አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። እማማ ውድነሽም ተነሥተው አልሄዱም። ይበላሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። ለደከመ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወዳጆቼ፣ ይህን የማካፍላችሁ ታማሚ ለምታስታምሙ፣ ቤተሰብ ብቻችሁን ለተሸከማችሁ፣ «ቻይ ነው» እየተባላችሁ ለምትመሰገኑ ሁሉ ነው። ቻይነትን እናመሰግናለን፤ ቻዩ ሰው ውስጥ ምን እንደሚጠራቀም ግን አንጠይቅም። ድካም መውጫ ካጣ ከፍቅራችን ጋር ይደባለቃል። በምናቀርበው ምግብ፣ በምናጠጣው ውኃ ውስጥ ገብቶ የምንወደውን ሰው ያቃጥላል፤ እኛም አነሰው ብለን እንጨምርበታለን። እርዳታ መቀበል፣ ማልቀስ፣ «ደክሞኛል» ማለት ለምንወደው ሰው የምንሰጠውን አያጎድልም። ለአንዲት መትከያ የከበደው ለመሬት ቀላል ነው። መሬቱ ደግሞ እህት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ነው።

እስቲ ዛሬ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡ፦ የምታጎርሱት ሰው ቀና ብሎ ሲያያችሁ፣ ዓይናችሁ ውስጥ ምን ያያል?